የተጣበቁት ገጾች

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ጤነኛ ነኝ፤ እሱንም አስታምመዋለሁ እንጂ አልለማመጠውም። ልጅሽም ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሮጊት መስላለች። እማዬ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሥራው ፈቃድ አልሰጥ ብሏት ነው እላታለሁ። አንቺ የጻፍሽልኝ እሱን ነውና ሌላ ምን እላለሁ?

የላክሽውን የሥዕል መጽሐፍ ጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌሩ አድርሶልናል። "አባባም ያንብበው፣ አንድም ገጽ እንዳይዘል ብላለች" አለኝ። እኔ ከልጅ መጽሐፍ ምን አለኝ ብዬ ሳቅሁ። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል፤ ግራ መጋባት ደግሞ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ዳክዬዋ ድልድይ ትሠራለች። ዳክዬ ዋናተኛ ናት፣ ድልድይ ምን ያደርግላታል ብል፣ ልጅሽ ለጓደኛዋ ለዶሮዋ ነው ብላ ዘጋችኝ። ይሁን። ግን ድልድዩ ይፈርሳል። ደግማ ትሠራለች፣ ይፈርሳል። ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣ የቱ ጋ እንደተሰበረ ትስላለች። እኔ ፊደልን ከሱቅ ሰሌዳ፣ አናጺነትን ሰው ሲሠራ ቆሜ በማየት ተማርኩ፤ ጣውላ ያበላሸሁ ቀን ማንም አላጨበጨበልኝም። ስለዚህ ልጅቷ ውድቀት እየለመደች አትደግ ብዬ፣ የሚፈርስባቸውን ገጾች በኮላ አጣበቅኋቸው። ዳክዬዋ አሰበች፣ ሠራች፣ ዶሮዋ ተሻገረች። አለቀ።

ልጅሽ ያንን ስታይ ሰንብታ በቁርጥራጭ እንጨት በግቢው ቦይ ላይ ድልድይ ሠራች። ድመቷ ስትረግጠው ተናደ። "ዳክዬዋ አንዴ ሠርታ ቆመላት። እኔ ግን አልችልበትም" ብላ እንጨቱን በር ኋላ ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ የአናጺ ሥራ ቤቴ ዝር አላለችም። መምህሯም ጠርታኝ፣ ጋሼ፣ ልጅቷ እንዳልሳሳት ብላ ባዶ ወረቀት እያስረከበች ነው አለችኝ።

ገጾቹን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላላቅቅ ሞከርኩ። ኮላዬ የዋዛ አይደለም፤ ግማሹ ሥዕል ተቦጨቀ። በዚህ መሀል ልጅሽ ደረሰችብኝ። ማን አጣበቃቸው አለች፤ እኔ አልኳት። ለምን ስትለኝ መጽሐፉን አቀበልኳት።

የተቦጨቀውን ቦታ ራሷ ስላ ሞላችው። ከዚያ ና እንሥራ አለችኝ። ሚስማር ላነሳ ስል ከለከለችኝ፤ ዳክዬ ሚስማር የላትም አለች። በገመድና በእንጨት ብቻ ሠራሁ። በእግሬ ጫን ባደርገው ከነኩራቴ ቦዩ ውስጥ ገባ። እሷ በሆዷ ተኝታ ከሥር አየችና፣ "ቋጠሮው ነው የለቀቀው። አባባ፣ አትናደድ፣ ገና ነው" አለችኝ። ሕመምተኛ እንደሚያጽናና ሰው። አልተናደድኩም። ለምን እንዳልተናደድኩ እስካሁን አልገባኝም። ድልድያችን ዛሬም አልቆመም፣ እሷ ግን ከሥራ ቤቴ አልወጣም ብላለች።

ሌላም ነገር አለ። ሹፌሩ ባለፈው ሰሞን አጥር ጥግ ቆሞ፣ መሥሪያ ቤትሽ ከተዘጋ እንደቆየ ነገረኝ። ልጄ ሥራ ላይ ናት፣ ወሬህን ወዲያ ውሰድ ብዬ አባረርኩት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ያን መጽሐፍ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብቻዬን አነብበዋለሁ። ለእሷ ይሁን ለእኔ እንደላክሽው አላውቅም።

ምንም አልጠይቅሽም። ሹፌሩን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይህን ከሱ እንዳትሰሚ እኔው ልንገርሽ። ባዶ እጅሽን ብትመጪ በዚህ ቤት ስለ ሥራ የሚያነሳ ሰው አይኖርም፤ እኔም ጭምር። አልመጣም ካልሽ ልጅሽን ይዤ በሱ አውቶቡስ እመጣለሁ። የቤትሽ ደረጃ ብዙ ነው ይላል፤ ይህን ጉልበት ይዤ እንዳታስወጪኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

አባትሽ