«እስኪመጣ» የተባለው ወይን

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የልጅነት ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እኔ እንደምንም አለሁ። ስለ አባባ አትስጋ፤ ወገቡም ዓይኑም ከእንግዲህ አያመውም።

ብዕር ያስነሳኝ ወይናችንን የሚሸጥልን ነጋዴ ነው። ትናንት እንግዶች ይዞ ምድር ቤት ወረደና፣ ጣፋጩን ነጭ ወይን እየቀዳ የስሙን ታሪክ ተረከላቸው። «እስኪመጣ» የተባለው ጣዕሙ እስኪመጣ በትዕግሥት ስለምንጠብቅ ነው አላቸው። አጨበጨቡለት። ጆሮ የማይሰማው የለም! ብርጭቆ እያጠብኩ አንጀቴ አረረ።

ስሙ የወጣው ከሄድክ በኋላ ስለሆነ አንተም አታውቀውም። የቤታችንን ደንብ ግን አልረሳህም፤ ቤተሰቡ ሁሉ መቀሱን ይዞ ካልቆመ የመጨረሻው የወይን ረድፍ አይለቀምም። በዚያ ዓመት አባባ ያንተን መቀስ ዘይት ቀብቶ ደጃፉ ላይ ሰቀለው። ለቃሚዎቹ ፍሬው ተጨማደደ፣ ተርብ ጨረሰው ቢሉት፣ እስኪመጣ ይቆይ አለ። በማግስቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው። ዓይኑ ከመንገዱ አይነቀልም ነበር። እነሱም በሆዳቸው እየሳቁ ረድፉን «እስኪመጣ» ማለት ጀመሩ። ስሙ የለቃሚ ቀልድ ነው፣ ወንድም ጋሼ።

ብርዱ ሲገባ እኔና አባባ ሳንነጋገር ለቀምነው። ለኮምጣጤም አይሆን ያልነው ማር ሆኖ ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ሳይደግስ አይጣላም አለን። አባባ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰውም፤ ልጄ መጥቶ ይቅዳልኝ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንደዚያው ጠበቀ፤ ነጋዴው ይህን የሙያ ዘዴ አድርጎ ቆጠረው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀይሜሃለሁ። አጠገቡ የኖርኩት እኔ፣ ስም የወጣለት ያንተ መቅረት። ጫማውን ሳስርለት እንኳ የሚያየው በትከሻዬ አሻግሮ ነበር።

ዘንድሮ ለቃሚዎቹ እንደ ልማዳቸው ያንን ረድፍ ዘለሉት። ጠራኋቸውና ገና ሳይጣፍጥ ከሌላው ጋር አስለቀምኩት። ነጋዴው እየጮኸ መጣ፤ ምን ነካሽ፣ ትንሽ ይቆይ እንጂ አለኝ። ማንን ብሎ፣ አልኩት። እኔም ሣቅ አልኩና እዚያው ሐረጉ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ምናልባት ብትመጣ መቀስህን ደጃፉ ላይ አትፈልገው። ሣጥኑ ሳይዘጋ ለአባባ አስይዤዋለሁ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፌ።

ባለህበት ሰላም አይለይህ። ልጆች ከወለድክም ከዓይንህ አይራቁብህ።

መንገድ መንገዱን ማየት የተወችው
ታናሽ እህትህ