የጋሽ ሰይድ ስም ያለበት ዘፈን

ሐይቅ፣ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬም ደክሞኛል። በእትዬ ዘምዘም ልጅ ሠርግ ላይ ግጥምና ዜማ አውጥቼ የዘፈንኩትን አንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ «የሕዝብ ዜማ» ብሎ አሳተመው። የራሴን ዩቲዩብ ላይ ብለቅ ደግሞ የቅጂ መብት ጥሰት ነው ተብሎ ታገደብኝ።

ደሴ ያለው ጠበቃ ማስረጃ አምጣ ይለኛል። ማስረጃውማ እዚያው ግጥሙ ውስጥ አለ። እንደ ልማዳችን የሙሽራዋን አባት፣ የእትዬ ዘምዘምን ባል ጋሽ ሰይድን፣ በስማቸው አወድሼ ነበር። ዘፋኙ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳይጠይቅ ከነስማቸው ወሰደው።

ምስክር እንዲሆኑኝ እትዬ ዘምዘም ሱቅ ሄድኩ። ዘፋኙ ያሳተመው በስልካቸው ተከፍቷል። ጋሽ ሰይድ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

«ወላሂ፣ እመሰክርልሃለሁ» አሉኝ። ወደ ስልካቸው አየት አድርገው፣ «ግን ይሄኛው ይጠፋል እንዴ?»

«ይወርዳል፤ የእኔ ይመለሳል» አልኳቸው።

«ያንተንማ በየሚኒባሱ ማን ይከፍተዋል? አሁን እኮ ወልድያ ድረስ ስማቸው እየተጠራ ነው የሚኬደው።»

አልተቀየምኳቸውም። ከመጀመሪያው አስጀመሩት፤ አብረን ሰማነው።

ጠበቃው ነገ ይደውላል። ምስክር አጣሁ ልለው ነው መሰለኝ።