አባቢ የማይወዳት «ነፃ»

ቡራዩ፣ ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2008

በተቃውሞው ምክንያት ትምህርት ቤት ዛሬም ዝግ ነው፤ መንገዱም በድንጋይ ተዘግቷል። አባቢ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹ የሚያድለውን የጂኦግራፊ ኖት ሊጨርስ ኮምፒውተሩን ቢከፍት፣ «እየታደስኩ ነው፣ አታጥፉኝ» ብሎ ተገተረ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት የድሮው ሲስተም፣ ልክ አባቢ የፋሲካ ምሳ ከበላ በኋላ እንደሚሆነው፣ አንዴ ከተቀመጠ መነሳት አይችልም። ኢንተርኔት ተቋርጦ ከየት እንደሚታደስ ደግሞ እሱ ያውቃል።

የአጎቴ ልጅ ቶሌራ ወደ ሱሉልታ ከመመለሱ በፊት ሊኑክስ የሚባለውን የማይከፈልበት የኮምፒውተር ሲስተም በፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። አወጣሁት።

«አባቢ፣ ይሄኛው ነፃ ነው» አልኩት።

ብድግ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። «ቀስ በይ። በዚህ ሰሞን ነፃ ምናምን አይባልም።»

ለካ አከራያችን ኦቦ ገመቹ ደጅ ቆመው ሰምተዋል። አንገታቸውን በበሩ አስገብተው፣ «ቢሊሳ?» አሉ፣ በኦሮምኛ ነፃ ማለታቸው ነው፤ «ማነው ነፃ የወጣው?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ ኦቦ።»

«እንግዲህ እሱ ይቅደመን» ብለው ሄዱ።

አባቢ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው! ከዚያ «በይ ጫኚው» ብሎ የሃያ ዓመት ኖቱን አምኖ ሰጠኝ። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነስቼ መጀመሪያ ኖቶቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥኩ፣ ቀጥዬ ጫንኩት። አንድ ገጽ አልጠፋም፤ ተመስገን። ቶሌራም ይባረክ። ስልክ ስለማይሠራ ግን በሰላም መግባቱን እስካሁን አላወቅኩም።

አባቢ አሁን እየተየበ ነው። ቅድም የዘጋውን መስኮት ራሱ ከፍቶ ወደ ግቢው ተጣራ፦ «ኦቦ ገመቹ፣ ወጥቷል!» «ነፃ» የምትለዋን ቃል ግን ዘለላት።