ለሙሾ የሚሆን ጥርስ

ሴፕቴምበር 27

ድንቹን ለቅመን ጨረስን። ባሌ ጃፓር ጆንያዎቹን ወደ ጓዳ አስገባ። ሻይ አፍልቼ ደጃፍ ተቀመጥኩና አንድ ኩሩት አነሳሁ። የደረቀ እርጎ ጠጠር መሆኑን እያወቅኩ… ልማድ ነው፣ ነከስኩት። ቀጭ አለ። ኩሩቱ መስሎኝ ነበር።

የፊት ጥርሴ ድልድይ ነው፤ ዳርና ዳር ባሉት ጥርሶቼ ላይ የተጫነ ሰው ሠራሽ። ለካ መሃሉ ላይ ተሰብሯል፤ ግማሹ መዳፌ ላይ፣ ግማሹ አፌ ውስጥ። ያኔ ባዝራ ፈረስ ሳልብ ረግጣኝ ሁለት ጥርሴ የረገፈ ጊዜ፣ አማቴ ጊደር ሸጠው ያስሠሩልኝ ወርቅ…

"ዋጥሽው እንዴ?" አለ ጃፓር፣ ፊቱ ሳይፈታ። "ከዋጥሽው መጠበቅ ነው።"

ልመልስለት ስል ነፋስ ገባብኝ። ከዚያ የልጄን ስም ጠራሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሳማት ልል ሻማት አልኩ።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እናት ለልጇ ሙሾ የምታወርድበት የመጨረሻው ቀን። በምን አፌ ላወርድ ነው?

ሴፕቴምበር 28

ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ ግድግዳ ዞሬ ሙሾዬን ጀመርኩ። ያፏጫል። ተውኩት።

ሴፕቴምበር 30

የጃፓር እህት ቡሩል መጣች። ገና ሳትቀመጥ፦

"ሙሽሪት፣ እስቲ ክፈቺ።"

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ለእሷ እስክሞት ሙሽሪት ነኝ። ከፈትኩ።

"ውይ! ይሄ አፍ ነው ወይስ በር?"

ሻዩን ቀዳሁላት። ለስለስ አለች። እንግዳው ብዙ ነው፣ ሰው ይስቅብናል፣ ከአት ባሺ አልቃሽ እናስመጣ አለች። "ድምጿ ድንጋይ ያስለቅሳል።"

"ሳማትን አታውቀውም።"

"ስሙን እንነግራታለን።"

ስሙን… ዶሎን ተራራ ላይ በበረዶ የጭነት መኪናው ሲገለበጥ፣ ጓንቱን አውልቆ ለረዳቱ የሰጠውን ልጅ፣ ስሙን ብቻ ሊነግሯት። 

ኦክቶበር 2

ናሪን ከተማ ወርጄ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሚርጉል ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ እጇ ቀላል። "ወርቁን ውሰጂና በዋጋው ሌላ ሥሪልኝ" ብዬ ሰባራውን ሰጠኋት። በሞረድ ፋቅ አደረገችው።

"እማማ፣ ወርቅ አይደለም። ብረት ነው፤ ላዩን ብቻ ነው ወርቅ ያስመሰሉት። ያኔ ለስንቱ ሰው እንዲህ ሠርተዋል መሰለዎት።"

አፈርኩ። ለአማቴ ነው ያፈርኩት…

ይበየዳል ወይ አልኳት። ይበየዳል፣ ሳምንት አይቆይም አለች። አዲስ የሴራሚክ ድልድይ፣ አራቱ ጥርስ ሃያ ስምንት ሺህ ሶም። ሁለት በግ ማለት ነው። በጎቹ ደግሞ ለሙት ዓመቱ የተያዙ ናቸው። አጥንት ውስጥ የሚተከለው ቢሽኬክ ነው፣ ግማሽ ዓመት ይፈጃል፤ ዋጋውን ሳትጨርስ አስቆምኳት። ተነቃዩ ዘጠኝ ሺህ፣ ቶሎ ይደርሳል።

"እንግዲያው ተነቃዩን።"

"ለሠርግ ነው የቸኮሉት?"

"ለልጄ ሙሾ ነው። ሙት ዓመቱ ነው።"

 ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበችኝ። "ተነቃይ ላንቃ ላይ ነው የሚያርፈው። ምላስዎ እስኪለምደው ወር ያልፋል። ሙሾው መሃል ቢወልቅስ?"

ሌላ አለ አለችኝ። ጊዜያዊ ድልድይ፣ ፕላስቲክ፣ ሦስት ሺህ። ሴራሚኩ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ይሠራል። ግን ዳርና ዳር ያሉት የራሴ ጥርሶች መቻል አለባቸው። አንዱ ደህና ነው። ሌላው ብረቱ ሥር ነው፣ ካልተነሳ አይታይም።

"በስብሶ ከሆነስ?"

"ያኔ ተነቃዩ ነው እማማ።"

ልኬን ወሰደች። ለኦክቶበር ዘጠኝ ቀጠረችኝ።

ኦክቶበር 3

የወርቁን ነገር ለጃፓር ነገርኩት። አሰበ፣ አሰበ…

"ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ነው ስስም የኖርኩት?"

ዞር ሲል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ደነገጥኩ። ሳቅ ነው ለካ። ልጁ ከሄደ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ኦክቶበር 8

ነገ። በስብሶ ከሆነ አልቃሿ ትምጣ እላለሁ። እላለሁ ወይ?

ኦክቶበር 9

ብረቱን ስታነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቢስሚላህ በልቤ። ቀጭ… ከዚያ ዝም። ምነው ዝም አለች?

"እማማ፣ ይሄ የፈረስ ጥርስ ነው!"

ደህና ነው ማለቷ ነው። እጇን ከነጓንቱ ሳምኩት።

ፕላስቲኩን ገጠመች፣ ሞረደች፣ ደግሞ ገጠመች። "እስቲ ያውሩ፣ የሚያፏጭ ከሆነ ልስማ።" ምን ላውራ? ሌላ አልመጣልኝም።

ሳማትዬ ሳማት፣ የሰው ሁሉ ወዳጅ፣
በረዶ ለበስህ ወይ ስትቀር ከእናት ደጅ…

አላፏጨም። ሳማት ሳማት ሆነ። ድምፄ ራሱ ጨመረ፣ መመለስ አቃተኝ።

ከውጭ "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!" የሚል ጩኸት መጣ። በሩ ተከፈተ። ጉንጩ ያበጠ፣ አገጩን በሻርፕ ያሰረ ሽማግሌ፣ ወገቡን ይዞ ጎንበስ ብሎ እያለቀሰ ገባ። ሙሾ የሰማ ወንድ እየጮኸ ነው የሚደርሰው፤ ወረፋ ላይ መሆኑን ረስቶታል። ቀና ሲል ወንበሩን አየ፣ መብራቱን፣ ሚርጉልን።

"ማነው የሞተው?"

"ልጄ ነው አባባ። ዓምና።"

"ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ጥርስ እየሞከርኩ ነው።"

እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት፣ ፊቱን አበሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሚርጉል ዞረ። "ጥርሱ ይሠራል ልጄ። የኔንም እንዲሁ አድርጊው።"

ሚርጉል ሳቀች። እኔም… እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ።

ኦክቶበር 20

አወረድኩለት። ስለ በረዶው፣ ስለ ጓንቱ፣ ሕፃን ሳለ ውርንጭላ አቅፎ ስለመተኛቱ። ረዳቱም መጥቶ ነበር፤ ጓንቱ ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ሙሽሪት፣ ሥጋው ቀዘቀዘ እኮ" አለች ቡሩል በጆሮዬ። ትከሻዬን ግን አልለቀቀችም። ስጨርስ ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ሻሽ ያሰረችልኝ እሷ ናት።

ኦክቶበር 21

ከዛሬ ጀምሮ ሙሾ የለም። ከዓመት ወዲያ ያለቀሰች እናት ሟቹን በእንባ ታረጥበዋለች ይላሉ አሮጊቶቹ። ይህን ጠዋት ነው የፈራሁት። ከጥርሱም በላይ…

ግድግዳው ጋ ሄጄ ቆምኩ። የቀረ ነገር ፈለግኩ። የለም። ሁሉንም ብዬዋለሁ፣ በገዛ አፌ።

ራበኝ። የትናንቱን ሥጋ አሞቅኩና በመንጋጋዬ እያላመጥኩ በላሁ። ደግሞ ጨመርኩ።