እከክ ሰጥተው ጥፍር ለነሱን ኃላፊ

ለተከበሩ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ይልቁንም ቆዳዎ፣ እንዴት ነው? እኛ ባከፋፈሉን የተባይ መድኃኒት ቸርነት፣ ከማከክ በስተቀር ደህና ነን። እኔ የሽንኩርት ማሳ ረጪው ሚስት ነኝ፤ ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ ታግሠው ያንብቡልኝ።

፩. ለመንደሩ በሙሉ አንድ ጥንድ ጓንት ስለላኩልን እጅ እንነሳለን። ሽማግሌዎቹ ማንም እንዳይቀየም ብለው ግራውን ለእኛ፣ ቀኙን ለጎረቤታችን ለነገረኛው ደለደሉ። ባለቤቴ የሚሠራው በቀኙ ሲሆን ነገረኛው ደግሞ ግራኝ ነው። እንዳይለዋወጡ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተዋል፤ ጓንቶቹም አብረው ተኳርፈዋል።

፪. ማሳከክ የሚመጣው ካለመታጠብ ነው ብለው በስብሰባ ስለመከሩን ዕድሜ ይስጥልን። ምክርዎን ሰምቼ የባለቤቴን የመርጫ ልብስ በእጄ ሳጥብ ከርሜ፣ ይኸው እኔም እስከ ክርኔ ድረስ አብሬው አካለሁ። ትዳር መተሳሰብ አይደል!

፫. እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም ሲባል ሰምተን ነበር፤ የእርስዎ መድኃኒት ግን የባለቤቴን የቀኝ እጅ ጥፍሮችም አንድ በአንድ እያነሳለት ነው። ጤና ጣቢያ ብንሄድ፣ የነካው ኬሚካል ስሙ ካልታወቀ ማከም ያስቸግራል አሉን። ስሙን እንዳናነብ የጀሪካኑ ወረቀት እንደ እኛው ተልጦ ወድቋል። እርስዎን ብንጠይቅ ስሙ «ፍቱን» ነው አሉን።

ክቡር ሆይ፣ እየሳቅሁ ብጽፍም ባለቤቴ ትንሿን ልጃችንን በመዳፉ እንዳይነካት ፈርቶ በክንዱ ብቻ ሲያቅፋት ሳይ ሳቁን እተወዋለሁ። እጁ ሳይብስበት ይታከምልኝ ዘንድ የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም ብቻ ይንገሩን። ሌላውን እናካለን።

ፈጣሪ ቆዳዎን እንደ ቢሮ ወንበርዎ አለስልሶ ያቆይልን እያልሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ባልሁበትም ክርኔን እያከክሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የረጪው ሚስት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ጉብኝትዎ መድኃኒቱ ሰው እንደማይጎዳ አስተምረውን ሲጨርሱ፣ ባለቤቴ ሊያመሰግንዎ እጁን ዘረጋ፤ እርስዎም አይተውት ሁለቱንም እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከተቱ። ካስተማሩን ሁሉ በደንብ የገባን እሱ ነው።