ያላነበብኩለት መስመር

ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር 9 ቀን

የኔ ዓለም፣ የሆዴ ልጅ፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልነግርሽ ነው። የአባትሽን መድኃኒት ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አይደለም።

እሑድ ስንደዋወል «ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እንቢ ይሉኛል፤ የልጅቷን ፀጉር ለመጎንጎን እንኳ መጀመሪያ ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር አለብኝ» አልሽኝ። ቀጠልሽና «ሐኪሟ ያንኑ የአባባን መድኃኒት ሰጥታኛለች፤ ግን አንቺው ራስሽ ትዪ የለም እንዴ፣ የሰውነትን መከላከያ ይገድላል ብለሽ? መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለባሌ እንዳትነግሪው ደግሞ፣ ነገር ያከብዳል» አልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሄሎ፣ እማ፣ ሄሎ» ትዪያለሽ። መስመሩ ደህና ነበር። የጠፋሁት እኔ ነኝ።

አባትሽ ከሰሊጥ የምታንስ ብሎን በወረንጦ አንስቶ ሰዓት ውስጥ ሲያኖራት ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ እኔና አንቺም አብረን እንይዝ ነበር። ፊደል ግን አልቆጠረም። ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ማንበብ የለመድኩት እኔ የቤቱ ሊቅ ሆንኩ። ሱቁ ለመጣ ሁሉ «የእኔ ሚስት እኮ የሐኪም ጽሑፍ ሳይቀር ታነባለች» ይላል። «ሐኪሙ ራሱ የማያነበውን!» እያልኩ እስቅበታለሁ። ደስ ግን ይለኝ ነበር።

መድኃኒቱን በጀመረ በሁለተኛው ወር የጣቶቹ መገጣጠሚያ እብጠት ጎድሎ ጡጫ መጨበጥ ችሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ሳል ያዘው። ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አወጣሁ። «የሰውነትን የመከላከል አቅም ሊቀንስ ይችላል» ይላል። በሚያስል ሰው ላይ? ደነገጥኩ። «ሐኪሙ ይብቃው ብሏል» አልኩት። «ብሏል ካልሽ ብሏል» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ።

ከታች ሌላ መስመር ነበር፤ ሳል ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ያማክሩ፣ በራስዎ አያቁሙ የሚል። አይቼዋለሁ። ሄጄ «አልገባኝም» ማለት ግን አፈርኩ። ሊቅ ነኛ!

ሳሉ በሳምንቱ ለቀቀው። ጣቶቹ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሁሉም ወደ ትንሿ ጣት አጋደሉ፤ ወረንጦው ይወድቅበት ጀመር። ሱቁን የዘጋ ቀን «ሰዓት እንኳ ያረጃል» ብሎ ቀለደልኝ።

ከሞተ በኋላ አንድ የጤና መጽሐፍ ተውሼ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። አጥንት እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም ለካ። አሮጌውን የሚያፈርሱ አሉ፣ በቦታው አዲስ የሚገነቡ አሉ፤ እኩል ሲሄዱ መኖራቸውንም አናውቅም። በዚህ በአባትሽና በአንቺ የመገጣጠሚያ በሽታ ግን እንዲጠብቀን የተሰጠን መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያችንን ጠላት ብሎ ይይዛል። እዚያው ይሰፍርና አፍራሾቹን እየጠራ ያበዛል፣ ግንበኞቹን ሥራ ያስፈታል። በኋላ እብጠቱ ቢበርድ እንኳ የተበላው አጥንት አይመለስም። መድኃኒቱ ያንን መንገድ የሳተ ዘበኛ ነው የሚያረጋጋው። እኔ እንዳይዳከም የሳሳሁለት እሱ ነው የአባትሽን እጅ የበላው።

አንቺ ዘንድ ገና ነው፣ ልጄ። ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፤ መድኃኒቱን እንዳልጀመርሽ ሳትደብቂ ንገሪያት፤ የፈራሽውን ሁሉ ጠይቂያት። ደምሽን እያየች ትከታተልሻለች። በእኔ ቃል የተውሽውን በእሷ ቃል ጀምሪ።

ጣቢያ ላይ ስሸኝሽ የያዝኩት እጅሽ ሙቀቱ መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሬዲዮኑን እቀንሳለሁ፤ ሁልጊዜም የጎረቤት ነው። በቪዲዮ ፊትሽን ስታሳዪኝ «እጅሽንም አሳዪኝ» ስልሽ «መዳፍ ማንበብም ጀመርሽ?» ብለሽ ትስቂያለሽ። ጣቶችሽ እንደ ድሮው ቀጥ ያሉ መሆናቸውን አንድ በአንድ ላይ ነበር እኮ። እኔ ፊትሽን በልቤ አውቀዋለሁ።

ጣቶችሽን ያፍታታልሽ። የልጅሽን ልጅ ፀጉር ለመጎንጎን ያብቃሽ። እኔንም እጅሽን ዳብሼ ለማየት ያድርሰኝ።

እናትሽ

እንዳትነግሪው ያልሽኝን አፍርሻለሁ፤ ተቆጪኝ። ይህን ያህል ዓመት አንድ ሰው ብቻውን የያዘው ምሥጢር ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። ፖስታው ላይ ያለው ያንቺ ስም አይደለም። እነዚህን ገጾች የሚቀበላቸው ባልሽ ነው።