«ደህና ነኝ» ለኢንሹራንስ አይባልም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፦

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ፣ ወገብሽስ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ዛሬ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ብለሽ እንዳታልፊኝ፤ የምሬን ነው የምጠይቅሽ። እኔ ሆዴ ቀድሞኝ በር ከመግባቱ በቀር ደህና ነኝ። ስፌት ቤት መኪናው ላይ መጎንበስ ስላቃተኝ አሠሪዬ ቁልፍ ወደ መትከል አዛውራኛለች። ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለውን ክፍልም አጽድተን አልጋሽን መስኮቱ ሥር ዘርግተናል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ለመምጫሽ የጤና ኢንሹራንስ የሚያዘጋጅልን ሰውዬ ሲደውልልሽ እኔም መስመሩ ላይ ነበርኩ። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ቢልሽ «ምን ጎድሎብኝ!» አልሽው። «የሚከታተሉት ሕመም አለ?» ሲልሽ «ጠላቴን ይመመው!» ብለሽ ጭራሽ የእናቱን ጤንነት መጠየቅ ጀመርሽ። እኔ ሳቄን አፍኜ አዳመጥኩ፤ እሱም ምንም ሕመም የለባትም ብሎ ጻፈ። ማታ ወንድሜ ደውሎ የግፊት መድኃኒትሽን ከስኳር ጣሳው ጀርባ ደብቀሽ እንደምትውጪ ሲነግረኝ ግን ሳቄ ደረቀ። ተናደድኩም፣ አለቀስኩም። ከእኔ ደግሞ ምን ያስደብቅሻል?

እማዬ፣ ዘመድ ሲጠይቅ ደህና ነኝ ማለት ጨዋነት ነው። ሰውዬው ግን የነገርሽውን እንዳለ ነው የሚጽፈው። እዚህ መጥተሽ ግፊትሽ ቢነሳ፣ «አልነገሩንም» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ከእኛ በላይ ፎቁ ላይ የሚኖረው ሾፌር እናቱን ሲያስመጣ እሷም ስኳሯን ደብቃ ነበር። ታማ ሆስፒታል ብትገባ ኢንሹራንሱ አሻፈረኝ አለ፤ ሕክምናዋን ሳትጨርስ፣ የልጅ ልጇንም በወጉ ሳታቅፍ ተመለሰች። የእሷን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እውነቱን ብናገር ያስቀሩኛል ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ባለቤቴ ጠዋት ለሰውዬው ደውሎ ሁሉንም ነገረው። እሱ እቴ፣ ምንም አልደነገጠም! ገና ስላልፈረምን ማስተካከል ይቻላል አለ። አንደኛው ኢንሹራንስ ለሽርሽር ለሚመጣ ሰው ነው፤ አደጋና ድንገተኛ ሕመም ብቻ ይሸፍናል። ሌላው ረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሰው ነው፤ የቆየ ሕመምንም ይይዛል፣ ብቻ አስቀድሞ መነገር አለበት፣ ሐኪምም ክትትል ላይ ናት ብሎ መጻፍ አለበት። ዋጋው ትንሽ ይከብዳል፤ አንቺ ግን ለሽርሽር አይደለም የምትመጪው፣ ልጄ ድሆ እስኪቆም ነው። ሁለተኛውን መርጠናል። ደግሞ ስሚኝማ፣ ስለ እናቱ ስትጠይቂው ሰውዬው «ደህና ናት» ያለሽ ውሸቱን ኖሯል! እሷም ግፊት አለባት አሉ። ሁላችሁም አንድ ናችሁ።

እንግዲህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ከወንድሜ ጋር ጤና ጣቢያ ሂጂ። መድኃኒቶችሽን ከነማሸጊያቸው ያዢ፤ ሐኪሙ አይቶ ይጻፍልሽ። ሰውዬው ሲደውል ግፊቱንም፣ ጉልበቱንም፣ የተነቀለውን ጥርስ እንኳ ሳይቀር ንገሪው። ለአንድ ቀን ብሶተኛ ብትሆኚ ማንም አይታዘብሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽን አንቺው አይደለሽ?

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ብቻዬን ልትተዪኝ ነው እያለ እንዳያባባሽ፣ ተራው ይደርሰዋል በዪው። አክስቴን የላከችው የሕፃን ልብስ እንደ ደረሰኝ ንገሪያት፣ እጇ ይባረክ። ወንድሜን ምስጢር አይቋጥርም ብለሽ እንዳትቆጪው፤ ይልቅ በእኔ ስም አገላብጠሽ ሳሚው። ባለቤቴም እጅ ይነሳል።

እማዬ፣ እኔ ሕመም የሌለባትን እናት አይደለም የምጠብቀው። ከነግፊትሽ፣ ከነጉልበትሽ፣ ከነንዝንዝሽ ነይልኝ።

ልጅሽ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ ከሦስተኛው ፎቅ
የካቲት 19 ቀን